ኦቶማቲክ ካምቢዮ ዳገት አይችልምን?

በአዲስ አበባ የቤት መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት የሚሰማው አንድ ምክር አለ፤ «ኦቶማቲክ እንዳትገዛ፣ የእኛን አገር ዳገት አይችልም» የሚል። ምክሩን የሚለግሱት ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ደላላና መካኒክ በሌላ ጉዳይ እምብዛም ባይስማሙም በዚህ ላይ ግን አንድ ቃል ናቸው። ማስረጃም አያጡም፤ ሸራው ተቃጥሎ፣ ዘይቱ ጠቁሮ የወረደ ኦቶማቲክ ካምቢዮ አይቶ የማያውቅ ጋራዥ ማግኘት ይከብዳል። የካምቢዮው መሞት እርግጥ ነው። ገዳዩ ማን እንደሆነ ግን ሳይመረመር የተፈረደ ይመስለናል። በእኛ አስተያየት ዳገቱ ካምቢዮውን ያደክመዋል እንጂ አይገድለውም። የሚገድለው የአሽከርካሪው እግር ነው፤ ይህንንም ከስሜት ሳይሆን ከተራ የፊዚክስ ስሌት ተነሥተን ማሳየት እንችላለን።

ጉዳዩ ለጋራዥ ወሬ ብቻ የሚተው አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በዕድሜ የገፉ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ደግሞ ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ መንግሥት አስታወቀ። እንግዲህ በየሰፈሩ የሚታዩት ቪትዞች፣ ያሪሶችና ኮሮላዎች በአብዛኛው ቀደም ብለው የገቡ ናቸው። ካምቢዮ ሲሞት የሚተካውም ብዙውን ጊዜ ከሌላ መኪና ላይ በወረደ ያገለገለ ካምቢዮ ነው፤ የእርሱ የቀድሞ አሽከርካሪ እግር ምን ዓይነት እንደነበረ ደግሞ የሚነግረን የለም። ለአንድ ደመወዝተኛ ቤተሰብ ወይም መኪናይቱን በሜትር ታክሲነት እየሠራባት ለሚያድር ሰው ይህ ወጪ የወራት እንጀራ ነው።

በማኑዋል መኪና ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ነው፤ በደረቅ ሰበቃ የሚሠራ ሲሆን የሚያዘውም የአሽከርካሪው ግራ እግር ነው። በተለመደው ኦቶማቲክ መኪና ግን በዚያ ቦታ ላይ የተቀመጠው ቶርክ ኮንቨርተር የተባለ በዘይት የተሞላ ክብ ዕቃ ነው። የመሣሪያው መሠረተ ሐሳብ ጀርመናዊው መሐንዲስ ኸርማን ፎቲንገር በ1905 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ሲሆን፣ የታሰበውም ለመኪና ሳይሆን ለመርከብ ነበር። ከወንዝ ዳር የቆመ የውኃ ወፍጮ ያየ ሰው አሠራሩን ለመረዳት አይቸገርም። ውኃው መዘውሩን ይመታል፣ መዘውሩም ይዞራል፤ በውኃውና በድንጋዩ መካከል የሚገናኝ ብረት የለም። በኮንቨርተሩ ውስጥ ከሞተሩ ጋር የታሰረው ክፍል ዘይቱን ይወረውራል፤ ከካምቢዮው ጋር የታሰረው ሁለተኛው ክፍል እንደ ወፍጮው መዘውር በዘይቱ ይገፋል፤ በመካከላቸው ያለው ሦስተኛ ክፍል ደግሞ ተመላሹን ዘይት አቅጣጫ አስይዞ ጠምዛዡን ኃይል እስከ ሁለት እጥፍ ያህል ያሳድጋል። ኦቶማቲክ መኪና ያለ ፍሪሲዮን ፔዳል ከቆመችበት ቀስ ብላ የምትነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። መዘውሩ ቆሞ ውኃው ብቻ ሲወርድበት የውኃው ጉልበት የት ይሄዳል? ሥራ ካልሠራ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሌላ መሄጃ የለውም። ጎማዎቹ ቆመው ሞተሩ ሲሽከረከር ከሞተሩ የወጣው አቅም ያለ ቅናሽ የካምቢዮ ዘይት ማሞቂያ ይሆናል። በቁጥር እንየው። አንዲት አንድ ሊትር ሞተር ያላት ትንሽ መኪና፣ ግራ እግር ፍሬን ላይ፣ ቀኝ እግር ነዳጅ መስጫው ላይ እስከ ወለሉ ተጭኖ፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ቆማለች እንበል። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ ላይ ይታገታል፤ በዚያን ጊዜ የሚያወጣው አቅም ወደ 14 ኪሎ ዋት ይጠጋል። በየቤታችን ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ይወስዳል። ስለዚህ አሽከርካሪው በካምቢዮው ውስጥ አራት ምጣድ ለኩሷል ማለት ነው፤ ያውም እንጀራ የሌለበት። በኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ሁለት ኪሎ ግራም ቢሆንና አንዱን ኪሎ ግራም በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 2 ኪሎ ጁል ቢበቃ፣ መጠነ ሙቀቱ በየሴኮንዱ ከ3 ዲግሪ በላይ ይጨምራል። በ10 ሴኮንድ ውስጥ 30 ዲግሪ አለፈ ማለት ነው። መካኒኮች ይህንኑ ሁኔታ ለምርመራ ሲጠቀሙበት ከ5 ሴኮንድ እንዳያልፉ የጥገና መመሪያዎች የሚያስጠነቅቁት በከንቱ አይደለም። ይሁንና መብራት ከመብራቱ በፊት መኪናቸውን በፍሬን አስረው ሞተሩን የሚያስጮኹ ወጣቶች ይህን ምርመራ በየመስቀለኛ መንገዱ በነፃ ሲያካሂዱት እናያለን።

ዳገቱን የሚከሱ ሰዎች በአንድ ነገር እውነት አላቸው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች የአየሩ እፍግታ ያነሰ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰጠው አቅም ከአምስት አንድ እጅ በላይ እዚህ ያጣል፤ ወደ እንጦጦ በወጣን ቁጥር ደግሞ ይብስበታል። ትንሽ ሞተር ያላት መኪና አምስት ሰው ጭና ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ስትወጣ ማቃሰቷ እንግዲህ የካምቢዮ ሕመም ሳይሆን የአየር እጥረት ነው። አሽከርካሪው ግን «አልሄድ አለችኝ» ብሎ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ይረግጣል። ካምቢዮው ይህን ሲያይ አሽከርካሪው ተጨማሪ ጉልበት ጠይቋል ብሎ ማርሽ ይቀንሳል፤ ሞተሩ ይጮኻል፤ አሽከርካሪው ጩኸቱ አስደንግጦት እግሩን ያነሣል፤ ካምቢዮው ማርሽ ይጨምራል፤ መኪናይቱ እንደገና ታቃስታለች፤ እግሩም እንደገና ይወርዳል። በአንድ ዳገት ላይ ይህ ጨዋታ አሥር ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። ማርሽ መምረጫውን በዝቅተኛ ማርሽ ላይ አስቀምጦና እግርን በአንድ ቦታ አጽንቶ መውጣት እየተቻለ ነው ይህ ሁሉ የሚሆነው።

ስለ ሌላው ልማድ ሰፋ አድርገን መናገር እንፈልጋለን፤ ጠበኛ የማይመስለው ጠበኛ እርሱ ነውና። በዳገት ላይ መኪኖች ተደርድረው ቆመዋል። አሽከርካሪው ፍሬን ከመያዝ ይልቅ ነዳጁን በጥቂቱ ረግጦ መኪናይቱን ባለችበት አንጠልጥሎ ያቆማታል፤ ፊት ያለው መኪና ግማሽ ሜትር ሲንቀሳቀስ ወዲያው ዘሎ ክፍተቱን ለመሙላት ነው። ይህ ልማድ ከየት መጣ? ከማኑዋል መኪና ነው። አብዛኞቻችን መንዳት ስንማር በዳገት ላይ «በፍሪሲዮን መያዝ» እንደ ጥበብ ተቆጥሮ ተምረነዋል፤ ለማኑዋሉም ቢሆን በጎ ልማድ አልነበረም። በኦቶማቲክ መኪና የፍሪሲዮኑ ፔዳል ቢጠፋም ልማዱ ወደ ቀኝ እግር ተሸጋግሮ ኖሯል። ከነተሳፋሪዎቿ 1,200 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና በመቶ ሜትር 15 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ በዚህ ዓይነት ስትያዝ ወደ ዘይቱ የሚገባው አቅም ከ2 እስከ 3 ኪሎ ዋት ነው። አንድ ሙሉ ምጣድ አይሞላም፤ ግን ምጣዱ ለአምስትና ለአሥር ደቂቃ ሳይጠፋ ይቆያል። ካምቢዮው በጠቅላላው የያዘው ዘይት 6 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ ማቀዝቀዣው የሚወስደው ሳይቆጠር፣ በየደቂቃው ከ10 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ያው አሽከርካሪ ነዳጁን ለቆ ፍሬን ይዞ በዲ ላይ ቢቆም ኖሮ ወደ ዘይቱ የሚገባው ከግማሽ ኪሎ ዋት ብዙ አይበልጥም ነበር፤ ይህን ደግሞ ማቀዝቀዣው ያለ ችግር ያስወግደዋል።

ሙቀቱ ለምን ይህን ያህል ያስፈራናል? የስዊድኑ ሳይንቲስት አሬኒየስ በ1889 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው የኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት ከመጠነ ሙቀት ጋር በእጅጉ ያድጋል። ለዘይት የሚሠራው ሻካራ መመዘኛ መጠነ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል የሚል ነው። በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሠራ 80,000 ኪሎ ሜትር የሚያገለግል ዘይት ዘወትር በ120 ዲግሪ ቢሠራ አራት ጊዜ በግማሽ እየተከፈለ ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። በካምቢዮ ውስጥ ደግሞ ዘይት ማለስለሻ ብቻ አይደለም፤ ጉልበት የሚያስተላልፈው፣ ሸራዎቹን በግፊት የሚያጣብቀው፣ ሙቀቱን ተሸክሞ የሚያወጣውም እርሱው ነው። እርሱ ሲታመም አብሮት የማይታመም ክፍል የለም።

አሁን ወደ ሸራዎቹ እንለፍ። ማርሽ የሚቀየረው በዘይት ውስጥ የተደረደሩ ቀጫጭን ዲስኮች በግፊት ሲያያዙ ነው። ዲስኮቹ የለበሱት ሸራ ከወረቀት ጋር የሚዛመድ የክር ውጤት ሲሆን ውፍረቱ በአብዛኛው ከ1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ማርሽ ሲጨምር የሞተሩ ዙር መውረድ አለበት፤ የዙሩ ጉልበት ደግሞ በከፊል በዲስኮቹ ሰበቃ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የእንቅስቃሴ ጉልበት ከፍጥነት ካሬ ጋር እንደሚያድግ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። እግሩን አለስልሶ የሚነዳ ሰው መኪናው በ2,200 ዙር ላይ ማርሽ ብትጨምርለት፣ ጠበኛው ደግሞ በ5,500 ዙር ላይ ቢያስጨምራት፣ ዙሩ በሁለት እጥፍ ተኩል ሲበልጥ የሚወገደው ጉልበት ከስድስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ስድስት ማርሽ መቀየር በአንዱ ውስጥ ተጨመቀ ማለት ነው። በየመብራቱ ይህን የሚያደርግ ሰው ምን ያተርፋል? 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ አንዱ 4 ሴኮንድ ተኩል፣ ሌላው 7 ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅ በመንገዱ ላይ የሚገኘው ልዩነት አንድ ሴኮንድ ተኩል ብቻ ነው። ሃያ ጊዜ ቢደጋገም ግማሽ ደቂቃ ይሆናል፤ ያም ከፊቱ የቆመ ሰልፍ ከሌለ ነው። ከመገናኛ እስከ ቦሌ ሰልፍ የማያገኝ ሰው ካለ ይህ ስሌት ለእርሱ ይሁን።

ከኋላ ማርሽ ወደ ዲ፣ ከዲ ወደ ኋላ ማርሽ መኪናው ሳይቆም መወርወርም የዚሁ ቤተሰብ ነው። በጠባብ መንገድ መኪና የሚያዞሩ ሰዎች ወደ ኋላ እየተንከባለሉ ዲ ሲያስገቡ፣ መኪናውን የሚያቆመው ፍሬን መሆኑ ቀርቶ የካምቢዮው ሸራ ይሆናል። የፍሬን ሸራ በአንድ ጠዋት ይቀየራል፤ የካምቢዮውን ሸራ ለመቀየር ግን ካምቢዮውን ማውረድና መበተን ያስፈልጋል። መኪናው እየሄደ ፒ ማስገባት ደግሞ ሌላ ነገር ይሰብራል። ፒ ማለት የጣት አንጓ የምታህል የብረት ጥርስ በጥርሳም ጎማ መካከል መሰካት ማለት ነው። በዳገት ላይ የእጅ ፍሬን ሳይያዝ በፒ ብቻ ስትቆም እንኳ ይህች ጥርስ የሩብ ቶን ክብደት ያህል ግፊት ልትሸከም ትችላለች። ጠዋት መኪናይቱን ሲያስነሡ «ቋ» የሚል ድምፅ የሚሰሙ ሰዎች ሰላምታውን የሚያቀርበው ማን እንደሆነ ይወቁት።

የክረምቱን ጭቃም አንርሳ። ለትምህርት በቆየንበት ቀዝቃዛ አገር በረዶ ውስጥ የተያዘ መኪና ለማውጣት ሰዎች ከዲ ወደ አር፣ ከአር ወደ ዲ እየቀያየሩ ሲያወዛውዙ እናይ ነበር፤ በእኛ አገር በረዶውን ጭቃ ተክቶታል። አንዱ ጎማ በጭቃ ውስጥ ሲሽከረከርና ሌላው ቆሞ ሲቀር በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጥርሳም ጎማዎች ለረዥም ጊዜ ባልታሰቡበት ፍጥነት ይዞራሉ፤ ዘይትም በበቂ አይደርሳቸውም። ተሽከርካሪው ጎማ ድንገት ድንጋይ ቢይዝ ደግሞ ያ ሁሉ ዙር በቅጽበት ይቆምና ድንጋጤው በሙሉ ወደ ካምቢዮው ይመለሳል። አካፋና ሁለት ጎረቤት ከዚህ ሁሉ ይረክሳሉ።

ከዚህ ጽሑፍ ጋር የማይስማማ አንባቢ እስከ አሁን ሁለት ክርክሮች እንዳዘጋጀ እንገምታለን። የመጀመሪያው «ዘመናዊ ካምቢዮ በኮምፒዩተር ስለሚታዘዝ አሽከርካሪው ቢያጠፋ ኮምፒዩተሩ ያርመዋል» የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። ብዙ መኪኖች ማርሽ በሚቀየርበት ቅጽበት የሞተሩን ጠምዛዥ ኃይል ራሳቸው ይቀንሳሉ፤ አንዳንዶቹም በፍጥነት እየሄዱ የኋላ ማርሽ አስገባ ቢባሉ እምቢ ይላሉ። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ ሌላም ነገር ያደርጋል፤ ሸራው እየሳሳ ሲሄድ የዘይቱን ግፊትና ጊዜ እያስተካከለ ጉድለቱን ይሸፍናል። አሽከርካሪው ለውጥ አይሰማውም። የሚሰማው ኮምፒዩተሩ የሚሸፍንበት መላ ባለቀበት ቀን ነው፤ ያን ጊዜ ዲ ካስገባ በኋላ መኪናው ዘግይቶ ይነሣል፣ ማርሽ ሲቀየር ሞተሩ ለቅጽበት ይጮኻል፣ ዘይቱም ቀይነቱን ትቶ ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። እነዚህ ምልክቶች ከመጡ በኋላ እግርን ማለዘብ ጥቂት ጊዜ ይገዛ እንደሆነ እንጂ የተቃጠለ ሸራ አይመልስም።

ሁለተኛው ክርክር ይበልጥ ያከራክረናል። መኪኖቹ ሲገቡ አርጅተው ነው የገቡት፤ ዘይታቸውም በወቅቱ አይቀየርም፤ ሲቀየርም የተገኘው ይጨመርባቸዋል ይባላል። ይህ እውነት ነው፤ በተለይ ሲቪቲ የተባለውን ማርሽ አልባ ካምቢዮ ለያዙ መኪኖች ጉዳቱ ከባድ ነው። አዳዲሶቹ ቪትዞች አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ናቸው። በሲቪቲ ውስጥ ከብዙ ቀጫጭን የብረት ቁራጮች የተሠራ ቀበቶ በሁለት መዘውሮች መካከል ይሠራል፤ ጉልበቱን የሚያስተላልፈውም በዘይት ውስጥ ብረት ከብረት ጋር በሚያደርገው ሰበቃ ነው። የሰበቃው ልክ በዘይቱ ዓይነት ይወሰናልና ለተለመደው ኦቶማቲክ የተሠራ ዘይት ቢጨመርበት ቀበቶው ሊንሸራተት ይችላል። አንድ ጊዜ የተንሸራተተ ቀበቶ የመዘውሩን ገጽ ይቧጥጠዋል፤ የተቧጠጠ ገጽ ደግሞ አይድንም። ነገር ግን ቀበቶውን ለማንሸራተት ዋናው መንገድ ድንገተኛ ድንጋጤ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ሞተሩን በኒውትራል አስጩኾ ዲ መወርወር፣ በጭቃ ማሽከርከር፣ ከፍ ካለ ጠርዝ ጋር ጎማ አጋጥሞ ነዳጅ መርገጥ። እርጅናና የተሳሳተ ዘይት ካምቢዮውን አቅመ ደካማ ያደርጉታል፤ ደካማውን የሚመታው ግን አሁንም ያው እግር ነው። ያረጀ መኪና የያዘ ሰው ከማንም በላይ ሊለሰልስ ሲገባው «ለአሮጌ መኪና ምን ያሳስባል» ብሎ የሚነዳው ለምን እንደሆነ አይገባንም።

አሽከርካሪዎችን ብቻ መውቀስም ፍትሕ አይሆንም፤ ማንም ያላስተማራቸውን ነው የማያውቁት። መንጃ ፈቃድ ስናወጣ በዳገት ላይ መኪናን በፍሪሲዮን አንጠልጥሎ መያዝ ተምረናል፤ በኋላ በእጃችን የገባው መኪና ግን ብዙውን ጊዜ ፍሪሲዮን ፔዳል የሌለው ነው። ስለዚህ የአሽከርካሪ ማሠልጠኛ ተቋማት ኦቶማቲክ መኪናን «ቀላል ነው፣ ራሱ ይነዳል» ብለው እንዳያልፉት እንጠይቃለን። የምንለምነው ሰፊ ትምህርት አይደለም። አንድ ሰዓት ስለ ዘይትና ሙቀት በክፍል ውስጥ፣ ሁለት ሰዓት ደግሞ በዳገት ላይ ይበቃል። በተግባር ፈተናውም ላይ ፈታኙ ሁለት ነገር ይጨምርልን፤ ከኋላ ማርሽ ወደ ዲ ሲቀየር ጎማው ፈጽሞ መቆሙን ይይ፤ መኪናው በዳገት ላይ ቆሞ ሳለም ዝቅ ብሎ የተፈታኙ ቀኝ እግር በየትኛው ፔዳል ላይ እንዳረፈ ይመልከት።